ኤሊያችን ከሙዝና ከዳቦ ሌላ አልበላም አለች፤ ምን ላብላት? (ድሬ)

የሳቢያኗ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምንኖረው። ግቢያችን ውስጥ አንዲት የየብስ ኤሊ አለች፤ አያቴ ናት ያሳደገቻት፣ በዕድሜ እኔን ትበልጣለች። አሁን አያቴ ደከም ስላለች የመመገቡ ነገር ወደ እኔ መጥቷል። ቅርፊቷ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ አለው፣ ትልቅ ናት፣ በሁለት እጄ ነው የማነሳት።

ያሳሰበኝ ምግቧ ነው። ከድሮ ጀምሮ የለመደችው ሙዝና ዳቦ ነው፣ አንዳንዴም የተረፈ ሩዝ ወይ ፓስታ። ጎረቤት ሲመጣ ብስኩት ይሰጣታል፣ ልጆቹ ደግሞ የማንጎ ወቅት ሲሆን ማንጎ ያጎርሷታል፣ እሷም አፏን ከፍታ እየተከተለቻቸው ትዞራለች። ሰሞኑን ቀረብ ብዬ ሳያት ግን ደስ አላለኝም። ጀርባዋ ላይ ያሉት ክፍሎች እያንዳንዳቸው ጉብ ጉብ ብለዋል። የላይኛው የአፏ ጫፍ ረዝሞ ወደ ታች ታጥፏል። ሰገራዋም ቀጭን ነው፣ ይሸታል። ከቀፊራ ገበያ ሰላጣና ጥቅል ጎመን ገዝቼ ሰጠኋት፤ ሰላጣውን ነካ ነካ አደረገችው፣ ጎመኑን ዞር ብላም አላየችው።

እና ዋና ምግቧ ምን መሆን አለበት? ከተማ ውስጥ ከየት ነው የማገኘው? ፍራፍሬ ጭራሽ ይቅር ወይስ ትንሽ ትንሽ ይቻላል? ካልሲየም ስጧት የሚሉም አሉ፣ እሱ እንዴት ነው? ደግሞ ጎረቤታችን «ገራባ (የጫት ትራፊውን) ስጧት፣ ፍየሉ በልቶት ምን ሆነ» ይላል። እውነት ነው እንዴ? የምታውቁ በናታችሁ ንገሩኝ፣ ለአያቴ ይቺ ኤሊ ትልቅ ነገር ናት።

ከዚራ፦

አቦ መጀመሪያ ጎመኑን ተዪው፣ ሳር ስጫት።

የምትይው ሌፐርድ የሚባለው የየብስ ኤሊ ዓይነት ነው። ከእኛ ቆላ ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ አድርጎ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ አለ። ዱር ስትሆን የምትውለው ሳር ስትግጥ ነው፤ ጠዋት ትበላለች፣ ፀሐዩ ሲከር ጥላ ስር ትገባለች፣ ወደ ማታ ደግሞ ትወጣለች። እዚያ ሙዝ ማን ልጦ ይሰጣታል? አንጀቷ የተሠራው አሰር ለበዛበት ምግብ ነው። ውስጧ ያሉት ጥቃቅን ተህዋስያን ያንን አሰር ቀስ ብለው ያብላሉታል። ስኳርና ዱቄት ሲበዛባቸው ግን ይረበሻሉ፣ ሰገራዋ የቀጠነው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ከምትበላው ውስጥ ሦስት አራተኛው ሳር ይሁን። ሰርዶ በጣም ጥሩ ነው፣ ድሬ ውስጥ ውሃ ባገኘበት ሁሉ ይበቅላል። ከመንገድ ዳርና ከደቻቱ ወንዝ ዳር ግን አትሰብስቢ፣ ጎርፍ ያመጣው ቆሻሻና ፌስታል የሞላበት ነው። ከቻልሽ የግቢሽ ጥግ ላይ ራስሽ ትከዪው፣ የሳሙና ውሃ አይንካው እንጂ ከዚያ በኋላ እሷው ሄዳ ትግጠዋለች፣ አንቺም አትደክሚም። ሳር በሚጠፋበት ጊዜ ድርቆሽ ውሃ ነክረሽ፣ አጭር አጭር አድርገሽ ቆርጠሽ ስጫት።

ሌላው ሩብ ደግሞ ቅጠላ ቅጠልና አበባ። የሽፈራው ቅጠል ካላችሁ አልፎ አልፎ ጣል አድርጊላት፣ ካልሲየም አለው፣ ግን ፕሮቲኑም ከፍ ያለ ስለሆነ የዕለት ምግብ አታድርጊው። ቀዩ የአጥር አበባ፣ ሂቢስከስ የሚሉት፣ በጣም ይወዱታል፣ አበባውንም ቅጠሉንም ይበላሉ። ሰላጣ አይጎዳትም፣ ግን አብዛኛው ውሃ ነው፣ በሱ ብቻ አትኖርም።

ስለ አረም አንድ ነገር ልጨምር። ሳር ስትቆርጪ ፋራምሲሳ እንዳይቀላቀልብሽ። ትንንሽ ነጫጭ አበባ ያለው፣ ቅጠሉ የተቆራረጠ፣ እጅ የሚያሳክከው፣ ታውቂዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እኛው አካባቢ ከታየ ወዲህ የማይበቅልበት ቦታ የለም፣ ለከብትም ለፍየልም መርዝ ነው። ለሷም አይሆንም፣ ከሥሩ ነቅለሽ ጣዪው፣ ጓንት አድርገሽ።

የእንስሳት ሐኪሙ፦

ከዚራ ያለው ትክክል ነው። እኔ የተማርኩት የእንስሳት ጤና ነው፣ ሥራዬ በብዛት ፍየልና ግመል ቢሆንም ኤሊም ይመጣልኛል፣ ድሬ ውስጥ ኤሊ ያለበት ግቢ ብዙ ነው።

የገራባው ነገር፦ በፍጹም። ፍየል አመንዣጊ ነው፣ ሆዱ አራት ክፍል አለው፣ የኤሊ ሆድ እንደዚያ አይደለም። ጫት ደግሞ አነቃቂ ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ፀረ ተባይ ተረጭቶበት ነው ገበያ የሚመጣው። ከበርጫ በኋላ መሬት ላይ የሚቀረውን ገራባና የታሰረበትን ፌስታል ኤሊዋ ሳትደርስበት ጥረጉት። ፌስታሉ ከገራባውም ይብሳል፣ ኤሊ ቀለም ያለው ነገር ሲያይ ይነክሳል፣ ከዋጠው አንጀቱን ይዘጋዋል።

አሁን ጀርባዋ። ጉብ ጉብ የሚለው ብዙ ጊዜ ገና ትንሽ ሆና በምታድግበት ወቅት ነው የሚጀምረው፣ ሰውነቷ ውሃ ሲያጥረው፣ ምግቧም ሳይስማማት ሲቀር። የዚህ ዓይነቱ ኤሊ በተፈጥሮውም ትንሽ ከፍ ከፍ ይልበታል፣ ስለዚህ አትደንግጪ። የወጣው ተመልሶ አይገባም፣ ዋናው ነገር እንዳይብስ ማድረግ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ቅርፊቷ ጠንካራ ነው ወይ የሚለው ነው። ጠርዙን በጣትሽ ቀስ ብለሽ ጫን በዪው። እንደዚህ ያለ ትልቅ ኤሊ ላይ ምንም መለመጥ የለበትም። ከለመጠ ካልሲየም አጥሯታል ማለት ነው፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ለሐኪም አሳያት።

ካልሲየምና ፎስፈረስ የሚባሉ ሁለት ማዕድናት አሉ። ለኤሊ ካልሲየሙ የፎስፈረሱ እጥፍ ቢሆን ነው የሚፈለገው። ሙዝ ላይ ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው፣ ፎስፈረሱ ካልሲየሙን 4 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ዳቦም ያው ነው፣ ፎስፈረሱ ያመዝናል። እንደዚህ ዓይነት ምግብ ሲዘወተር ሰውነቷ የጎደለውን ካልሲየም ከራሷ አጥንትና ቅርፊት እየወሰደ ይጠቀማል። ቆስጣም ለሰው ጥሩ ነው ብላችሁ አታብዙባት፣ ውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ይይዝባታል።

መድኃኒት ቤት መሄድ አያስፈልግሽም። የእንቁላል ቅርፊት ቀቅለሽ አድርቂው፣ በሙቀጫ ውቀጪው፣ ዱቄት እስኪሆን። በሳምንት ሁለቴ በጣትሽ ቆንጠር አድርገሽ ሳሩ ላይ በትኚላት። ግን ይሄ ሁሉ ያለ ፀሐይ ዋጋ የለውም። ካልሲየሙን እንድትጠቀምበት ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋታል፣ እሱን ቆዳዋ ላይ የምትሠራው ፀሐይ ውስጥ ባለው ዩቪቢ በሚሉት ጨረር ነው። በመስታወት ያለፈ ፀሐይ አይሠራም፣ መስታወቱ ጨረሩን ያስቀረዋል። እኛ ድሬ ፀሐይ አንቸገርም፣ የምንቸገረው ጥላ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀትር ሲሆን የሲሚንቶ ግቢ ላይ መሄጃ ካጣች በሙቀት ልትሞት ትችላለች። ዛፍ ስር፣ አፈሩ ለስለስ ያለ ቦታ ይኑራት።

ውሃም አትርሺ። ጠፍጣፋ ሰፊ ሰሃን ወይ ትሪ፣ አገጯ ጋ ብቻ የሚደርስ፣ ገብታ የምትወጣበት። ብዙ ጊዜ እዚያው ውሃው ውስጥ ትጸዳዳለች፣ ስለዚህ በየቀኑ ቀይሪው። ስትሸና ነጭ ነገር አብሮ ይወጣል፣ ለስላሳ ከሆነ ደህና ነው፣ እንደ አሸዋ ከሻከረ ግን ውሃ አጥሯታል።

ጀጎል፦

እኔ ከሐረር ነኝ። አንድ ነገር የዘለላችሁ መሰለኝ፣ ቲኒ፣ ሌላ ቦታ በለስ የሚሉት እሾሃሙ! የእኛም የናንተም አካባቢ ሞልቶት የለ። ፍሬውን ሳይሆን ያንን ወፍራሙን ጠፍጣፋ ቅጠሉን ማለቴ ነው። ውሃ አለው፣ ካልሲየም አለው፣ አሰር አለው። በተለይ በበጋ፣ ሳሩ ሁሉ ሲደርቅ እንደሱ የሚሆን የለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለጋውን ቅጠል በቢላ ቆርጠሽ በመቆንጠጫ ይዘሽ ከሰል ላይ ታገላብጪዋለሽ። ትልልቁ እሾህ ወዲያው ይቃጠላል፣ ችግሩ ትንንሹ ነው፣ ፀጉር የሚያክለው፣ ዓይን የማያየው፣ እጅ ላይ ከገባ ቀኑን ሙሉ የሚያሳክከው። እሱ ጭርር እያለ እስኪያልቅ ጠርዙንም ጭምር አዟዙሪው። አረንጓዴነቱ እንዳለ ነው የሚወጣው፣ እንዲበስል አይደለም። ከዚያ ቀዝቀዝ ሲል እንደ ጣት አድርገሽ ትቆርጫለሽ። ስትቆርጪው የሚያሟልጭ ፈሳሽ ይወጣዋል፣ እሱ ምንም አይደለም። የእኛዋ ሽታው ገና ሲደርሳት አንገቷን አስግጋ ነው የምትመጣው። በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ በቂ ነው።

ግን አደራ፣ ከቁልቋልና ከቅንጭብ ጋር እንዳይምታታብሽ። አጥር ላይ ጎን ለጎን ነው የሚበቅሉት፣ ልጅ ልከሽ ቢያመጣልሽ ሊሳሳት ይችላል። ቁረጪውና እዪ፣ ነጭ ወተት ከወጣው አትስጫት፣ እጅሽንም ታጠቢ፣ ያ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል። ቲኒ ነጭ ወተት የለውም።

ካልሲየም ሲነሳ ደግሞ አንድ የሚገርመኝን ልንገራችሁ። እኛ ሐረር ጅብ እንደ ጎረቤት ነው፣ አጥንት ስለሚበላ ኩሱ ሲደርቅ ነጭ ነው። ዱር ያሉት ኤሊዎች ታዲያ ያንን የጅብ ኩስና የደረቀ አጥንት ሲያገኙ ይቆረጥሙታል፣ ይሄ በእንስሳት አጥኚዎችም የተመዘገበ ነው። ሰውነታቸው ምን እንደሚፈልግ ያውቁታል፣ ሱብሃንአላህ። ይሄን ያልኩሽ ኩስ ልቀሚላት ለማለት አይደለም፣ በሽታ አለው፣ የእንቁላል ቅርፊቱ ይበቃል።

ለገሃሬ፦

እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ወንድሜ ከወንዝ ያመጣት ኤሊ አለች፣ ትንሽ ናት፣ ሳር ብንሰጣት ዞር አትልም፣ ስጋ ስንሰጣት ግን ትሻማለች። እናንተ የምታወሩት ስለ ሳርና ቅጠል ብቻ ነው፣ ታዲያ እንዴት ነው? የሳቢያኗስ ኤሊ ትንሽ ስጋ ወይ የውሻ ምግብ ብትሰጣት ጉልበት አይሆናትም?

የእንስሳት ሐኪሙ፦

ለገሃሬ፣ ያንተዋ ሌላ ዓይነት ናት። እግሯን እይ። የየብሷ እግር እንደ ዝሆን እግር ድፍን ያለ ዓምድ ነው። የውሃዋ ግን ጠፍጣፋ እግር ናት፣ በጣቶቿ መሀል ቆዳ አለ፣ ጥፍሯም ሹል ነው፣ ጀርባዋም ዝቅ ያለ ነው። እሷ ዓሣ፣ ትል፣ ነፍሳት፣ እንቁራሪት የምትበላ ናት። ትንሽ ዓሣ ከነአጥንቱ፣ የምድር ትል፣ አንዳንዴ ቅጠል ስጧት። የተቀመመና ጨው የነካው የወጥ ስጋ አይሆንም። የምትዋኝበት ውሃና ወጥታ ፀሐይ የምትሞቅበት ድንጋይ ከሌላት አትኖርም። እሱን ማሟላት ካልቻላችሁ ወንድምህ ወዳመጣበት ወንዝ፣ እዚያው ቦታ፣ ቢመልሳት ነው የሚሻለው። ነካክታችኋት ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ በተለይ ሕፃናት፣ ኤሊ ታማ ባትታይም ሳልሞኔላ የሚባለውን ተቅማጥ የሚያመጣ ተህዋስ ልትይዝ ትችላለች።

ለየብሷ ግን ስጋ፣ እንቁላል፣ የውሻ ምግብ፣ ወተት የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ላይ ጉልበት ያገኘች ትመስላለች፣ ኩላሊቷ ግን ያንን ፕሮቲን አይችለውም። የሚመጡልኝን ሳያቸው ብዙ ጊዜ ባለቤቶቹ ከፍቅር ብዛት ነው እንደዚህ የሚያበሏት፣ ስለዚህ ይሄን ጎረቤቶቻችሁም ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

የሳቢያኗ፦

አቦ እግዜር ይስጣችሁ ሁላችሁንም። ቅርፊቷን ነካሁት፣ ድንጋይ ነው፣ ምንም አይለምጥም፣ እፎይ ብያለሁ። ቲኒ ጎረቤት አጥር ላይ አለ፣ ነገ እጠይቃቸዋለሁ።

ግን ሳሩን ዛሬ ብሰጣት አሽትታ ጥላው ሄደች። አያቴ ደግሞ «ልጄን በረሃብ ልትገድዪብኝ ነው» ብላ ሙዙን ልጣ ልትሰጣት ስትል አብረን ተከራከርን። ምን ላድርግ? ደግሞ ለቡና የምንጎዘጉዘው ቄጠማ ይሆናታል?

ከዚራ፦

ቄጠማው ገና ሳይጎዘጎዝ ንጹሑን አጥበሽ ትንሽ ብትሰጫት ምንም አይደል። ተረግጦ፣ ቡና ፈሶበት፣ የዕጣን አመድ ወድቆበት ሲያበቃ ግን ጣዪው።

እምቢ ማለቷ ያለ ነው። ጣፋጭ የለመደ ኤሊ ግትር ነው። አንዴ አትከልክያት፣ ቀላቅዪባት። ሳሩን በጣም አድቅቀሽ ክተፊው፣ ትንሽ ፓፓያ አሽተሽ ለውሺው፣ ሳሩ ከፓፓያው ተለይቶ እንዳይለቀም አድርገሽ። በየሳምንቱ ፓፓያውን እየቀነስሽ ሳሩን ረዘም ረዘም አድርጊው። ጊዜ ይወስዳል፣ ትንሽ ትዕግሥት ነው። የእኔ እንደዚያ አድርጎ ነው የለመደው፣ አሁን ራሱ ሄዶ ነው የሚግጠው፣ ጥርሽ ጥርሽ ሲያደርገው ከቤት ይሰማል።

ፍራፍሬን በተመለከተ፣ ከለመደች በኋላ አልፎ አልፎ አንዲት ቁራጭ ፓፓያ ወይ የቲኒ ፍሬ ይበቃታል። ሙዝ ባይለመድ ይሻላል። ዳቦ፣ ብስኩት፣ ፓስታ፣ ሩዝ ግን ዛሬውኑ ይቁም፣ ለልጆቹም ንገሪያቸው።

የእንስሳት ሐኪሙ፦

ለአያትሽ እንዲህ በያት፦ ጤነኛ ትልቅ ኤሊ ጥቂት ቀን ባትበላ አትሞትም፣ ውሃ እስካላት ድረስ። ዱር ውስጥም ሁልጊዜ አታገኝም። ገና የተፈለፈለች ትንሽ ብትሆን ሌላ ነበር፣ እሷን በየቀኑ ማብላት ግድ ነው። የአንቺዋ ግን ከሳምንት በላይ ምንም ካልቀመሰች፣ ወይ ዓይኗ ካበጠ፣ ወይ ከአፍንጫዋ ፈሳሽ ከወጣ፣ ወይ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች አትጠብቂ። ድሬ ውስጥ የሚያያት ካጣሽ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ እዚያ ጠይቂ።

ደግሞ አያትሽን ከማብላቱ አታስወጫት። በእጇ መስጠት ለምዳለች፣ ኤሊዋም የሷን እጅ ታውቀዋለች። ሙዙን ተቀብለሻት በምትኩ ቀዩን አበባ አስይዣት። ቀይ ነገር ሲያዩ ይመጣሉ። ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይከር፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ አበባውን እሷ ትስጣት፣ ሳሩን አንቺ።

የረዘመውን አፏን በጥፍር መቁረጫ እንዳትነኪው፣ ውስጡ ደም ስርና ሕይወት ያለው ነው፣ ከተሰነጠቀም መብላት ያቅታታል። የረዘመው ለስላሳ ስለምትበላ ነው። ጠንከር ያለ ሳርና ቲኒ ስትቆርጥ ቀስ እያለ ይሞረዳል። ምግቧንም ጠፍጣፋ ሻካራ ድንጋይ ላይ አድርጊላት፣ ስትነክስ ጫፉ ድንጋዩን እየነካ ያልቃል። ከዚህ በኋላም አፏ የማይገጥም ከሆነ ሐኪም በመሞረጃ ያስተካክለዋል።

ጀጎል፦

ሐኪሙ ያለው ላይ አንድ ነገር ብቻ፣ ይሄን የሚያነብ ሌላ ሰውም ስለሚኖር። ጥሩ አመጋገብ አወቅን ብላችሁ ከጫካ እየለቀማችሁ አታምጡ። ይቺ አያት ያሳደገቻት ናት፣ ሌላ ነገር ነው። የየብስ ኤሊዎች በሙሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነት ውስጥ ናቸው፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣትም ወንጀል ነው። ከ50 ዓመት በላይ የምትኖር እንስሳ ናት፣ የሚያሳድጋት ሰው ያንን ማሰብ አለበት።

የሳቢያኗ፦

ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። አያቴ አበባውን ስነግራት ወዲያው ነው «እሱስ ይሁን» ያለችው። ምን ያህል ሳር ልቁረጥላት ግን? ደግሞ የተከልኩት ሰርዶ እስኪደርስ ቀፊራ የሚሸጥ ሳር አለ?

ከዚራ፦

ልኩ ከቅርፊቷ መጠን ጋር ይታያል፣ ሳሩን ላላ አድርገሽ ስትከምሪው ጀርባዋን የሚያህል ከሆነ ለቀኑ ይበቃታል። ሳር ከሆነ ቢበዛም አይጎዳትም፣ አትጨነቂ።

ቀፊራ ጠዋት ሂጂ፣ የፍየል መኖ የሚያመጡትን ጠይቂ። ነዶውን ፈተሽ ፈተሽ አድርጊው፣ ከውጭ አረንጓዴ ሆኖ መሀሉ የሻገተ አለ። ከሸተተሽ ወይ እጅሽን ከሞቀሽ አትግዢ። ቤት ስትደርሺ ፋራምሲሳውን ለቅመሽ አውጪ፣ አራግፊው፣ እጠቢው፣ የተረፈውን ጥላ ላይ በትነሽ አድርቂው፣ እሱ ለበጋ ድርቆሽ ይሆንሻል።